የማይቆመው ፓምፕ የቆመበት ሌሊት

ወይዘሮ ዊኒ ሆልሮይድ ኮታቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ጓንታቸውን አጥልቀው፣ የትም ሳይሄዱ ሞቱ።

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሲገኙ ሳሎናቸው ውስጥ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። ቴሌቪዥኑ እንደበራ ነው። አንድ ሰውዬ ኬክ መሃሉ እንዳይሰምጥ ምን መደረግ እንዳለበት ያስረዳል። የሚሰማው ሰው እንደሌለ አላወቀም፤ ቢያውቅም የሚያቆም ዓይነት አይመስልም።

ሞይራ ክራብትሪ በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። በቶድመርደን ከተማ ሰው በድንገት ከሞተ የምትጠራው እሷ ናት። እንዴት እንደሞተ አጣርታ፣ ጽፋ፣ ለዳኛው ታቀርባለች። ሠላሳ ዓመት ስለሠራችበት ሬሳ ስታይ የሚሰማት ነገር ካቆመ ቆይቷል። የዚያን ቀን የተሰማት እግሯ ብቻ ነው፤ እሱም ስለበረደው። ውጭ ከዜሮ በታች ስምንት ዲግሪ ነው፣ ውስጡም ከዚያ ብዙ አይሻልም። ስትተነፍስ ከአፏ ጭስ ይወጣል።

«ቀላል ነው» አለ ሳጅኑ። ይህ ሳጅን ሁሉ ነገር ቀላል የሚሆንለት ሰው ነው። «ብርድ ነው የገደላቸው። ማክሰኞ ዕለት ማሞቂያ ጠጋኙ መጥቶ ነበር። ማሞቂያውን ከፎቅ አጥፍቶ፣ መስኮቱን ከፍቶ ሄዷል። የሰማንያ አራት ዓመት ሴትዮ! ሰኞ ፋይሉን ለዐቃቤ ሕግ እሰጣለሁ። የጋዝ ሥራ ፈቃዱን ይነጠቃል፣ እስር ቤትም ይገባል።»

ሞይራ ወደ መስኮቱ ሄደች። መጋረጃውን ገለጥ አደረገች። የመስኮቱ የላይኛው መስታወት አንድ ጋት ያህል ወደ ታች ወርዷል። መጋረጃው ሲዘጋ ጨርሶ አይታይም። የሟቿ ስልክ ጭናቸው ላይ ነው። አጠገባቸው የሚደገፉበት ባለ አራት እግር ብረት ቆሟል። አልጋቸው እዚያው ምድር ቤት ነው፤ ደረጃ መውጣት ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

ስልኩን አንሥታ የመጨረሻውን ጥሪ አየች። ረቡዕ ማታ ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ ወደ ልጃቸው ወደ ናይጄል ደውለዋል። አንድ ጊዜ ብቻ። አልተነሣም።

ጠጋኙ ኮሊን ፒክልስ ከበሩ ውጭ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ማንም ሳይጠራው ነው የመጣው። ዕድሜው አርባ ሊሞላ ነው፣ ጆሮው ቀይ ነው፣ የሱሪው ጉልበት አልቋል። ሞይራ መስኮቱን ስታንኳኳ በሩን ከፈተና መውረዱን ረስቶ እንደተቀመጠ ቀረ።

«ውረድ እንጂ። ሬሳውን አነሡት» አለችው። «ማክሰኞ ለምን ጠሩህ?»

«ፓምፑ አልቆም ብሏቸው ነው። የማሞቂያውን ውሃ በየክፍሉ ወዳሉት ማሞቂያ ብረቶች፣ ወደ ራዲያተሮቹ የሚገፋው ፓምፕ። ካለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጀምሮ ቀንም ሌሊትም ይሠራል።»

«ፓምፑ ተበላሽቶ ነዋ።»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው!» ኮሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ነፍስ ዘራ። «ፓምፑ ምን አደረገ? የታዘዘውን ነው የሚሠራው። የተበላሸው የውሃውን መንገድ የሚከፍተውና የሚዘጋው ቫልቭ ነው። ቫልቩ ውስጥ አንዲት ሚጢጢ ስዊች አለች፤ ተጣብቃ ቀርታለች። ሌት ተቀን ‹ሙቀት አምጡ፣ ሙቀት አምጡ› ትላለች። ውሃውን የሚያሞቀው ቦይለርም ፓምፑም ይታዘዛሉ።»

«ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ያለችውን የሙቀት መቆጣጠሪያ ዝቅ ብታደርጋትስ?»

«ዝቅ ያድርጓት፣ ከፍ ያድርጓት፣ ነቅለው ለድመት ይስጧት። የሚሰማት የለም። ቫልቩ እስኪቀየር ጌጥ ናት።»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚያቆመው?»

«ፎቅ ላይ፣ የፎጣው ቁም ሳጥን ውስጥ ያለው ስዊች ብቻ። እሱ ከጠፋ ግን ቦይለሩም አብሮ ይጠፋል።»

«አጠፋኸው?»

«አላጠፋሁም፣ ወይዘሮ። አዲሱ ቫልቭ የሚደርሰው ዓርብ ነበር። እሳቸው ደረጃ አይወጡም። ከሚበርዳቸው ቢሞቃቸው ይሻላል ብዬ እንደበራ ተውኩት። ነጭ ፕላስተር ለጥፌ ‹አትንኩ› ብዬ ጽፌበታለሁ።»

«መስኮቱስ?»

ኮሊን መሬት መሬት አየ። «እሱን እኔ ነኝ የከፈትኩት። ሳሎኑ እንደ ዳቦ ቤት ነበር፣ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ። መስኮቱ የጠበቀ ነው፤ እሳቸው አይችሉትም። ማሞቂያው እስካለ ድረስ ምንም አይሆኑም ብዬ ነው።»

ሰው ለራሱ የማይጠቅመውን ነገር ሳይጎተጎት ሲናገር ሞይራ ልብ ትላለች። አላመነችውም፤ ልብ አለች ብቻ።

ፎቅ ወጡ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ፎጣዎች በሥርዓት ተደርድረዋል። ሞይራ ፎጣዎቹን ገፋ ስታደርግ ከኋላቸው ስዊቹ ታየ። ጠፍቷል። ፕላስተሩ ግን የት ሄደ? ከስዊቹ ላይ ተነሥቶ መደርደሪያው ጠርዝ ላይ ተለጥፏል፤ ቀጥ ብሎ፣ ሳይጨማደድ፣ ጽሕፈቱ ወደ ላይ ሆኖ።

«አንተ ነህ እዚህ የለጠፍከው?»

«ኧረ እኔ ስዊቹ ላይ ነው የለጠፍኩት። ደግሞም እንዲህ ቀጥ አድርጌ አልለጥፍም።»

«ፎጣዎቹንስ አንተ ነህ ያጠፍካቸው?»

ኮሊን ጆሮው የባሰ ቀላ። «እኔማ... ዓርብ ተመልሼ ስለምመጣ ኮሪደሩ ላይ ከምሬያቸው ነው የሄድኩት።»

ሞይራ ሚስቱ ብትሆን እንደምታየው አድርጋ አየችው። ከዚያ አንድ ፎጣ አነሣች። ለሦስት የታጠፈ ነው፣ ሁሉም እንደዚያ ናቸው። ምድር ቤት ስትወርድ የዊኒን የወጥ ቤት ፎጣዎች አወጣች። ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት።

«አብራው» አለችው ተመልሳ። ኮሊን ስዊቹን ነካ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ አንድ ነገር ማጉረምረም ጀመረ፣ እንደ ሰነፍ ንብ፣ ሳያቋርጥ።

*

ናይጄል ሆልሮይድ የመጣው ቀትር ላይ ከሊድስ ከተማ ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ የወጥ ቤት ዕቃ ይሸጣል። ስለ እናቱ ሲያወራ አሥሬ ሰዓቱን ያያል፤ ሞቷ ቀጠሮ ያስረፈደበት ይመስል።

«ረቡዕ ማታ አንድ ሰዓት ላይ እኔው ራሴ መጥቼ ነበር» አለ። «ቤቱ ቀዝቀዝ ብሎ አገኘሁት። ግድግዳው ላይ ያለችውን መቆጣጠሪያ ወደ ሃያ ሁለት አዞርኳት። ጠቅ አለች። ራዲያተሩ ሲሞቅ በእጄ ዳስሼ፣ እማዬን ስሜ ነው የሄድኩት። ከዚያ በኋላ የዚያ ሰውዬ ሥራ አቆመ ማለት ነው። ነፍሰ ገዳይ ነው!»

«መስኮቱ መከፈቱን አላዩም?»

«መጋረጃው ተዘግቶ ነበር።»

«ከሄዱ በኋላ ደውለውልዎት ነበር?»

«አይ» አለ ናይጄል። ከዚያ ሰዓቱን አየ።

ሞይራ ጻፈች። ሰው ሲዋሽ ድሮ ትናደድ ነበር፤ አሁን እስክሪብቶዋ ብቻ ይፈጥናል።

*

የጎረቤቷ የዶሪን ሻክልተን ቤት ከዊኒ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። ወይዘሮ ዶሪን ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ጸጉራቸው እንደ ጎመን የተጠቀለለ። ሬሳውን ያገኙት እሳቸው ናቸው። ሞይራ ገና ሳትቀመጥ ሻይ ከነወተቱ ቀረበላት።

«ጠጪ የኔ ቆንጆ፣ አፍንጫሽ ሰማያዊ ሆኗል። ብስኩትም አለ። ስኳር ስንት?»

«ይበቃኛል፣ ወይዘሮ ሻክልተን። የቤታቸውን ቁልፍ እንዴት አገኙት?»

«ቁልፏ ከቤቴ በር ኋላ ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው። የኔም እሷ ዘንድ ነው። አርባ አንድ ዓመት! በዚህ ሰፈር ሁሉም ሰው እንዲህ ነው፤ አንድ ነገር ቢሆን ተብሎ።»

«ረቡዕስ ገብተው ነበር?»

«አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሾርባ ይዤ። ዊኒ ወንበሯ ላይ ተኝታ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላትና ወጣሁ።»

«ፎቅ ወጥተው ነበር?»

«ፎቅ ደግሞ ምን ላደርግ?» አሉ ዶሪንና የሞይራን ኩባያ ሳይጎድል ሞሉት።

የሚያጉረመርመው ድምፅ ከግድግዳው ውስጥ ይሰማል። ሞይራ መኝታ ቤታቸውን ለማየት ጠየቀች። እዚያማ አልጋው ራስጌ ላይ ነው። ግድግዳው ራሱ የሚያንኮራፋ ይመስላል።

«ሰማሽው?» አሉ ዶሪን። «ይህንን ነው ስምንት ሌሊት ሙሉ ሳዳምጥ የከረምኩት። ስምንት! ዓይኔን አልከደንኩም። ትራስ ብደርብ፣ ጥጥ ብጠቀጥቅ፣ ወይ ፍንክች!»

«ለወይዘሮ ዊኒ ነገሯቸው?»

«ምን ብዬ? ‹ቤትሽ ጮኸብኝ› ይባላል እንዴ? እሷ በገዛ ቤቷ።»

«ግድግዳውን መታ መታ ማድረግም ይቻል ነበር።»

«ወይ ጉድ! እንዲህ ያለ ሰው መሰልኩሽ?»

ሞይራ ሲወርዱ የምድጃው እጀታ ላይ የተንጠለጠለውን፣ ለሦስት የታጠፈውን ፎጣ አየች። ከዚያ መንገድ ላይ ቆማ ጓንቷን አወለቀችና በጣቷ ቆጠረች። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ። ስምንት። የረቡዕ ሌሊት ዘጠነኛ ነው። ደግማ ቆጠረች፤ ጣቶቿ ደንዝዘው ስለነበር የራሷ አልመስል አሏት።

*

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም በዊኒ ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ሳጅኑ በሩ ላይ ቆመ። ናይጄል ሶፋው ላይ፣ ኮሊን ግድግዳ ተደግፎ። ዶሪን ለሁሉም ሻይ አፍልተው በትሪ አመጡ፤ ሰው የሞተበት ቤት ሆነ የተወለደበት፣ ለሳቸው አንድ ነው፣ ሻይ ይፈላል። የዊኒን ወንበር ግን ማንም አልተቀመጠበትም። ፓምፑ ፎቅ ላይ ያጉረመርማል። ክፍሉ ሞቋል፣ ከሚገባው በላይ።

«አንድ ሰው ይህን ማሞቂያ ከፎቅ አጥፍቶታል» አለች ሞይራ። «ማን እንደሆነ ነው የምንጨርሰው።»

«ታውቋል እኮ» አለ ሳጅኑ።

«አልታወቀም። ከአቶ ሆልሮይድ እንጀምር። ረቡዕ ማታ አንድ ሰዓት መጥተው መቆጣጠሪያዋን አዞሩ። ጠቅ አለች፣ ራዲያተሩም ሞቀ። እንደዚያ ነው?»

«እንደዚያ ነው።»

«እስቲ ተነሥተው ያጥፏት።»

ናይጄል ሄዶ መቆጣጠሪያዋን እስከ ታች ድረስ አዞራት። ሁሉም ጆሮውን አቆመ። ፓምፑ ማጉረምረሙን ቀጠለ። ወደ ላይ አዞራት። ያው ነው።

«ይህች ነገር አሥር ቀን ሙሉ ከማንም ጋር አልተነጋገረችም» አለች ሞይራ። «ፎቅ ያለው ስዊች በርቶ ቢሆን ኖሮ ሲገቡ ቤቱ ይጋገር ነበር እንጂ ‹ቀዝቀዝ› አይልም። ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቢያዞሯት ራዲያተሩ አይሞቅም። በየትኛውም መንገድ የነገሩኝ አልሆነም። አልመጡም።»

ናይጄል ሰዓቱን አየ።

«ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ ግን ደውለውልዎታል። ስልካቸው ላይ አለ።»

«አይቼው ነበር» አለ ናይጄል። ድምፁ የሌላ ሰው ሆነ። «እራት እየበላሁ ነበር። ስለ ፓምፑ ልትነግረኝ ነው ብዬ... ሳምንቱን ሙሉ ፓምፕ፣ ፓምፕ ነው ወሬዋ። ቁም ነገር ከሆነ ደግማ ትደውላለች አልኩ።»

«እማማ ዊኒ ደግመው አይደውሉም» አለ ኮሊን ሳያስበው። «እኔን እንኳ አንድ ሳምንት ከታገሡ በኋላ ነው የጠሩኝ። ‹ይቅርታ አስቸገርኩህ› እያሉ።»

ሳጅኑ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሺ፣ ውሸታም ነው። ስዊቹን ያጠፋው ግን ያው ጠጋኙ ነው።»

«ጠጋኙ ማክሰኞ ቢያጠፋው ኖሮ፣ በዚህ ብርድ መስኮት ተከፍቶ ሴትዮዋ ማክሰኞ ሌሊት ነበር የሚያልቁት። ረቡዕን በሙሉ በደኅና ውለዋል። በዚያ ላይ ፎጣዎቹ አሉ። ኮሊን መሬት ላይ ዘርግፏቸው ሄደ። ዊኒ ደረጃ አይወጡም። ኋላ ግን ተጣጥፈው ተደርድረው ተገኙ፤ ለሦስት። ዊኒ ደግሞ ፎጣ ለአራት ነው የሚያጥፉት። ከማክሰኞ በኋላ ፎቅ የወጣ፣ ፎጣ መሬት ላይ አይቶ ማለፍ የማይችል ሰው አለ።»

ዶሪን ትሪው ላይ ያለውን ማንኪያ አስተካከሉ።

«ቀጥሎ ፕላስተሩ። ክፋት ያሰበ ሰው ገንጥሎ ይጥለዋል። ይህ ሰው ግን ጠርዙን ጠብቆ መደርደሪያው ላይ ለጠፈው። ለምን? መልሶ ስዊቹ ላይ ሊያደርገው ነዋ። ማሞቂያውን ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው ያጠፋው።»

ሞይራ ወደ ዶሪን ዞረች። ድምፅዋ አልጠነከረም፣ አልለሰለሰምም።

«ወይዘሮ ሻክልተን፣ ፓምፑ ካለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጀምሮ ሲጮህ ሬሳው እስከተገኘበት ሐሙስ ድረስ ዘጠኝ ሌሊት ነው። እርስዎ ያልተኙት ስምንት ነው። ዘጠነኛው ሌሊት ተኝተዋል። ራስጌዎ ላይ ሲጮህ የከረመው ነገር በድንገት ጸጥ አለ፣ እርስዎ ግን ጸጥ አለ ብለው ለማንም አልተናገሩም። ቁልፉ እርስዎ ዘንድ ነው። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ገብተዋል፣ ዊኒም ተኝተው ነበር።»

ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር። ማንም አልጠጣም።

«ፓምፑን ብቻ ነው ያጠፋሁት» አሉ ዶሪን። «ዊኒ ‹ፓምፑ ተበላሸ› ስትለኝ ነበር። የተበላሸ ነገር ቢጠፋ ምን ይጎዳል አልኩ። ሌላው ማሞቂያ ይሠራል መሰለኝ። ድምፁን ተከትዬ ወጣሁ፣ አጠፋሁት። መስኮት መከፈቱን አላወቅሁም፣ የኔ ቆንጆ። መጋረጃውን ቀድማ ዘግታው ነበር።»

«መልሰው ሊያበሩት ያሰቡት መቼ ነበር?»

«ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ። ሳትነቃ።»

«የሚቀሰቅስ ሰዓት አልሞሉም?»

«ሃምሳ ዓመት ሙሉ በራሴ ነው አሥራ ሁለት ላይ የምነቃው።» ዶሪን ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳመሩ። «ሦስት ተኩል ላይ ነቃሁ። ፀሐይ ወጥታ ነበር። እንዲህ ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።»

ናይጄል ጮክ ብሎ የሚናገረው ነገር የፈለገ መሰለ፣ ግን ማን ላይ ይጩኽ? ቁጭ አለ።

«ለምን አልተናገሩም?» አለ ኮሊን። ቁጣ አልነበረበትም፤ የእውነት ማወቅ ፈልጎ ነው። «ሰኞ እኮ ሊከሱኝ ነበር። ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ።»

«ልናገር ነበር የኔ ልጅ። ሳጅኑ ግን እርግጠኛ ሆኖ ሲያወራ ነበር። ማቋረጥ ነውር መሰለኝ። ከዚያ ደግሞ ጊዜው አለፈ።»

ሳጅኑ ቆቡን አውልቆ ጠርዙን መመርመር ጀመረ።

ሞይራ ደብተሯን ዘጋች። «ኮሊን፣ በአንተ ላይ ፋይል የለም። ፈቃድህን ማንም አይነካብህም። ይህን ለዳኛው ዛሬውኑ እጽፋለሁ።»

«መስኮቱን የከፈትኩት ግን እኔ ነኝ።»

«እሱንም እጽፋለሁ። ወንጀል አይደለም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

ሞይራ አሰበች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰዎች ይህን ጠይቀዋታል፤ ለዚህ የሚሆን ቦታ ቅጹ ላይ የለም። «አላውቅም» አለችው።

ዶሪን ተነሥተው ኩባያዎቹን ሰበሰቡ። ሳጅኑ ሊያስቆማቸው እጁን ሲዘረጋ ሞይራ በዓይኗ ከለከለችው። ከወጥ ቤት የውሃ ድምፅ መጣ። አምስት ኩባያ አጠቡ፣ አደረቁ፣ በየቦታው ሰቀሉ። ከዚያ ኮታቸውን ለብሰው መጡና፣ ወደ ጣቢያው በምትሄደው መኪና ከፊት ነው ከኋላ የምቀመጠው ብለው ጠየቁ።

ኮሊን መኪናው ውስጥ ገብቶ ለሚስቱ ደወለላት። ነገሩን በሁለት ዐረፍተ ነገር ነገራት። እሷ በስልኩ ውስጥ እልል አለች፣ አለቀሰች፣ ልጆቹን ጠራች፣ እነሱም ጮኹ። ኮሊን ስልኩን ከጆሮው ራቅ አድርጎ ያዘው።

«ኮሊን? አለህ? ደስ አላለህም እንዴ?»

የፊት መስታወቱን በረዶ አልብሶት ስለነበር መንገዱ አይታይም። ኮሊን የከፈተውን መስኮት ትንሽ አሰበ።

«ሰኞ ጠይቂኝ» አላት።